ከሙዝ ማሳው ራስ ላይ የዓሣ ኩሬ፦ ቆፍሮና መረብ ሰቅሎ ቆሮሶ ማርባት

በአርባ ምንጭ ዙሪያ፣ ላንቴ፣ ጫኖ፣ ኮላ ሻራ ወይም ሸሌ አካባቢ፣ የሙዝ ማሳ ካለዎት፣ ዓሣ ለማርባት ከሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው በእጅዎ ነው። ሞቃት አየር አለ፤ በቦይ የሚመጣ ውኃ አለ፤ የከብትና የዶሮ ፍግ አለ፤ ከዓሣው የተረፈውን ድፍርስ ውኃ በደስታ የሚጠጣ ማሳም አለ። የቀረው ጉድጓዱና የዓሣ ጫጩቱ፣ ከሁለቱም በላይ ደግሞ የዓሣውን ቁጥር መቆጣጠር ነው።

ቁጥሩን ከወዲሁ የማነሣው በምክንያት ነው። ቆሮሶ፣ ቴላፒያ የሚባለው፣ ኩሬ ውስጥ ሲከስር ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የመኖ እጥረት ወይም በሽታ አይደለም፤ ከልክ ያለፈ መዋለድ ነው። በጠባብ ኩሬ ያለ ቆሮሶ ገና በ3 ወሩ ገደማ፣ ክብደቱ 30 ወይም 40 ግራም ሳለ መራባት ይጀምራል። ሴቷ ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ የተፈለፈሉትንም አደጋ ሲመጣ መልሳ በአፏ ትሰበስባቸዋለች። ስለዚህ ከሌሎች ዓሦች ይልቅ የእርሷ ልጆች ይተርፋሉ። ወንድና ሴት ቀላቅሎ 300 ጫጩት የጨመረ ሰው ከወራት በኋላ ኩሬውን ሲያፈስ ጣት የሚያክሉ ዓሦች ሲንፈራገጡ ያገኛል፤ ለመጥበሻ የሚበቃ ግን እምብዛም አያገኝም። ጉጉት ይዞ የቆፈረ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በታች ጫጩቶቹ ስለሚያድጉበት መረብ አሠራርና አሰቃቀል ረዘም አድርጌ የምጽፈውም ለዚህ ነው፤ ቁጥሩን በእጅዎ የሚያስገባልዎ እርሱ ነውና።

ለምን ሐይቁ ውስጥ አይሆንም?

ቤቱ ወደ ጫሞ ሐይቅ የቀረበ ሰው፣ ‘ምን አስቆፈረኝ? መረቡን ሐይቁ ውስጥ ብሰቅለውስ?’ ሊል ይችላል። አያድርጉት። ጫሞ የአዞና የጉማሬ መኖሪያ ነው። ዓሣ የታጨቀበት መረብ አዞን ይጠራል፤ ናይሎኑም አያቆመውም። ሌሊት ለግጦሽ የሚወጣ ጉማሬ የሚመላለስበት ዳርቻ ደግሞ ማለዳ መኖ ይዞ ለሚወርድ ሰው አደገኛ ነው። ዓባያ ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል። ውኃውን ያቀላው ደለል ብርሃን ወደ ውስጥ አያሳልፍም፤ ነፋስ ሲነሣም ማዕበሉ ኃይለኛ ነው። ከሁለቱም ሐይቆች የተወሰነው ክፍል በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ መሆኑንም አይርሱ። በዚያ ላይ ጫሞ ያለበት ጫና ይበቃዋል፤ ስሙን ያስጠራለት ነጭ ዓሣ ከልክ ባለፈ ማስገር ተመናምኗል። በጓሮ የሚረባ እያንዳንዱ ኪሎ ቆሮሶ ሐይቁን በጥቂቱም ቢሆን ያሳርፈዋል ብዬ አምናለሁ።

ደጋ ያሉ ዘመዶችዎ፣ ጨንቻም ሆነ ዶርዜ ወይም ዲታ፣ ‘እኛስ?’ ቢሉዎት እውነቱን ይንገሯቸው። ቆሮሶ ደህና አድርጎ የሚያድገው የውኃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከ20 ሲወርድ ዕድገቱ ይዳከማል፤ ወደ 16 ሲጠጋ መብላቱን ያቆማል። 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው አርባ ምንጭና በዙሪያዋ ያለው ቆላ ለዚህ የተመቹ ናቸው። የጨንቻ ብርድ ለቆሮሶ አይሆንም።

ቦታውን መምረጥ

ኩሬው ከቦዩ ዝቅ፣ ከሙዙ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ውኃው ያለ ሞተር ገብቶ ያለ ሞተር ወደ ማሳው እንዲወጣ ነው። ከሐሬ፣ ከኩልፎ፣ ከሲሌ ወይም ከሰጎ ወንዝ የሚመጣው ውኃ በተራ ስለሚከፋፈል፣ ከመቆፈርዎ በፊት ከውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበርዎ ጋር ይነጋገሩ። ኩሬው የሰው ተራ አይወስድም፤ የራስዎ ተራ ሲደርስ ከኩሬው ግርጌ አረንጓዴውን ውኃ ለሙዙ ይለቃሉ፣ በላዩ አዲሱን ይሞላሉ። በሞቃት ቀን በትነት የሚጠፋው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በ150 ካሬ ሜትር ኩሬ ሲሰላ በቀን 750 ሊትር ገደማ ይሆናል። ይህን ለጎረቤትዎ አስቀድሞ መንገር በኋላ ከሚመጣ ጠብ ያድናል።

ጎርፍ የሚሄድበትን መስመር ይሽሹ። በሚያዝያና በግንቦት ወንዞቹ ከደጋው አፈር ተሸክመው ሲወርዱ ዝቅ ያለ ኩሬ በአንድ ሌሊት በደለል ሊሞላ ይችላል፤ ዓሣውም ከጎርፉ ጋር ይሄዳል። ከቤት ብዙ አይራቁ። ወፉን የሚያባርረው፣ ሌባውን የሚያስፈራው፣ ዓሣው ማለዳ አየር ሲያጥረው የሚያየው የቤቱ ሰው ነው።

አፈሩን ለመፈተን ከ50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እፍኝ አፈር ያውጡ፤ በውኃ ያርሱትና ጨምቀው ያድቦልቡሉት። ወደ ላይ ወርውረው ሲቀልቡት ካልፈረሰ ሸክላነቱ ይበቃል። በዚህ ብቻ አይመኑ። ወገብ ድረስ የሚያስገባ ጉድጓድ ቆፍረው ማታ በውኃ ይሙሉት። ጠዋት ጎድሎ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ደረቅ አፈር መጀመሪያ ይጠጣል። እንደገና ሞልተው በቅጠል ይሸፍኑትና በማግስቱ ይዩት። አብዛኛው ውኃ ካለ ቦታው ይሆናል። ወደ ተራራው ግርጌ ጠጋ ብሎ ጠጠር የበዛበት መሬት ብዙውን ጊዜ ይህን ፈተና ይወድቃል። እዚያ ያለዎት ምርጫ ለውኃ ማቆሪያ የሚሸጠው ወፍራም ፕላስቲክ፣ ጂኦሜምብሬን፣ ነው፤ ወጪው ከፍ ስለሚል ለጀማሪ አልመክረውም።

ቁፋሮው

ለአንድ ቤተሰብ 10 በ15 ሜትር ይበቃል። ከዚያ ካነሰ የውኃው ሙቀት ቶሎ ይለዋወጣል፤ ከዚያ ከበለጠ ደግሞ ፍጉም መኖውም ከቤቱ አቅም በላይ ይሆናል። ለቁፋሮ ጥሩው ጊዜ ሰኔና ሐምሌ ነው። የበልጉ ዝናብ አልፏል፤ የመስከረምና የጥቅምቱ ገና ነው። በነሐሴ ጫጩት ከገባ ዓሣው በሁዳዴ ይደርሳል፤ ገበያውም ያኔ ነው።

በገመድና በችካል ልኩን ይያዙ። የላዩን ለም አፈር ለብቻ ያስቀምጡት፤ ለግድቡ አይሆንም፣ ሣርና ሥር ስላለበት ያሰርጋል። በኋላ የግድቡን ጀርባ ሲያለብሱት ሣር ያበቅልልዎታል። ግድቡ የሚያርፍበትን መሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በቦይ መልክ ቆፍረው በሸክላ አፈር መልሰው ይጠቅጥቁት። ውኃ በብዛት የሚሰርገው በግድቡና በነባሩ መሬት መገናኛ ስለሆነ፣ ይህ ሥራ የሚጠይቀውን ጉልበት ሁሉ ይገባዋል። ከዚያ ግድቡን 20 ሴንቲ ሜትር በ20 ሴንቲ ሜትር እየከመሩ፣ ውኃ እያርከፈከፉ፣ በከባድ እንጨት ይደልድሉት። በውስጥ በኩል ያለው ጎን ቁልቁል አይሁን፤ ለ1 ሜትር ከፍታ 2 ሜትር እየተዳፋ ይውረድ። ቁልቁል ከሆነ ይናዳል፤ የወደቀ ልጅም መውጫ ያጣል።

የኩሬው ወለል ከመግቢያው ወደ መውጫው ያዘንብል፤ ባንዱ ጫፍ 80 ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው 1 ሜትር ከ20 ውኃ እንዲይዝ። ግድቡ ከውኃው 30 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። በጥልቁ ጫፍ ከወለሉ ጋር እኩል 110 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ በግድቡ ሥር ያሳልፉና በውስጥ በኩል በመታጠፊያ ሌላ ቱቦ ያቁሙበት። የቆመው ቱቦ ቁመት የውኃውን ከፍታ ይወስናል፤ የበዛው ራሱ ይፈሳል። ዝቅ አድርገው ሲያጋድሙት እስከፈለጉት ድረስ ይቀንሳል። አፉን በወንፊት ይሸፍኑት። የመግቢያው ቱቦ ደግሞ ከውኃው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይንጠልጠል፤ የሚወድቅ ውኃ አየር ይዞ ይገባል፣ ዓሣም በእርሱ ሽቅብ አያመልጥም። አፉ ላይ የሚታሰረው ከረጢት ወንፊት የወንዝ ዓሣና የእንቁራሪት ዕንቁላል ይይዝልዎታል።

ውኃውን ማዘጋጀት

ዓሣው ከመግባቱ በፊት ውኃው አረንጓዴ መሆን አለበት። አረንጓዴው ቀለም በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ዕፅዋት ናቸው፤ ቆሮሶ በዋናነት የሚበላው እነርሱንና በእነርሱ የሚኖሩትን ነው። ይህን ምግብ የሚያበቅለው ፍግ ነው። ከኩሬው አንድ ማዕዘን በቀርከሃ ወይም በጭራሮ አጥር ይከልሉና ፍጉን እዚያ ይጨምሩ፣ በየጥቂት ቀኑም ያማስሉት። ለ150 ካሬ ሜትር በሳምንት 15 ኪሎ ደረቅ የከብት ፍግ ወይም 7 ኪሎ የዶሮ ኩስ ይበቃል። የአካባቢው ቆላ አፈር አብዛኛው አሲዳማ ስላልሆነ ኖራ የግድ አይደለም።

ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ቀለሙ ይመጣል። መለኪያው ክንድዎ ነው፦ መዳፍዎን ዘርግተው ክንድዎን ቀጥ አድርገው ያስገቡ። ውኃው ክርንዎ ላይ ሲደርስ ጣቶችዎ ካልታዩ ልኩ ነው። ከዚያ በፊት ከጠፉ ፍግ ያቁሙ፤ ክርንዎ ገብቶም ጣትዎ ከታየ ይጨምሩ። ይህ የሚሠራው ድፍረሱ ከዕፅዋት ሲሆን ብቻ ነው። ቦዩ ቀይ አፈር ይዞ ከመጣ ብርሃን ስለማይገባ ምንም ያህል ፍግ ቢጨምሩ አረንጓዴ አይወጣም። ጎርፍ ሲመጣ መግቢያውን ይዝጉ፤ ውኃው ሲጠራ ይክፈቱ።

መረቡን መሥራትና መስቀል

ይህ መረብ በባንግላዴሽ፣ በታይላንድና በፊሊፒንስ ዓሣ አርቢዎች ዘንድ ሃፓ ይባላል። ከላይ ክፍት የሆነ፣ ግድግዳና ወለል ያለው የመረብ ሣጥን ነው፤ ኩሬው ውስጥ በችካል ላይ ይንጠለጠላል። ጫጩቶቹ እዚያ ውስጥ ያድጋሉ፤ ሲፈልጉ አንሥተው ያዩአቸዋል፣ ይቆጥሯቸዋል፣ ይመርጧቸዋል። ኩሬ ውስጥ በትኖ በኋላ መልሶ ለመያዝ ከመሞከር ጋር አይወዳደርም።

ከሁሉ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። ለወባ የተሰጠዎትን አጎበር ለዚህ እንዳይጠቀሙበት። አጎበሩ የተነከረበት ፓይሬትሮይድ የሚባል ፀረ ነፍሳት ለሰው የተመጠነ ቢሆንም ለዓሣ ብርቱ መርዝ ነው፤ ቢታጠብም እንኳ አይመኑት። ደግሞም በዚህ ቆላ አጎበር ያለ ቦታው ሲውል ሌሊት የሚከፍለው ልጅ ነው። የሚፈልጉት ለመስኮት ዝንብ መከላከያ በጥቅል የሚሸጠውን የናይሎን ወንፊት ነው። የብረቱን አይግዙ፤ ይዝጋል፣ ዓሣውንም ይልጠዋል።

ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ሃፓ ለአንድ ሰው ለማንሣት አይከብድም። ወንፊቱ 1 ሜትር ከ20 ወርድ ካለው፣ ዙሪያው 10 ሜትር ይወስዳል። ወለሉ እያንዳንዳቸው 3 ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ጎን ለጎን ተሰፍተው ይሆናል። ለመደራረቢያ ጨምረው 17 ሜትር ይግዙ። ለልብስ ሰፊ ይስጡና ስፌቱን ሁሉ በናይሎን ክር ሁለት ጊዜ ያስደግሙት፤ የጥጥ ክር ውኃ ውስጥ ይበሰብሳል። በላይኛውም በታችኛውም ጠርዝ ዙሪያውን ቀጭን የናይሎን ገመድ ያስገቡ፤ በስምንቱም ማዕዘን የሚታሰርበት ቀለበት ይተዉ። ሲያልቅ ወደ ፀሐይ አንሥተው ስፌት ስፌቱን ይመልከቱ። የ1 ግራም ጫጩት በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል፤ አንዱ መንገዱን ካገኘ ሌሎቹ ይከተሉታል።

ችካሎቹ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ከግማሽ ይሁኑ። አራት ለማዕዘን፣ ሁለት ለረጅሙ ጎን መካከል ያስፈልግዎታል። ከጨንቻ የሚወርደው ቀርከሃ ቀጥና ቀላል ስለሆነ ደስ ይላል፤ ውኃውና አየሩ በሚገናኙበት መስመር ግን ቶሎ ይበሰብሳል። የባሕር ዛፍ አጣና ይበልጥ ይቆያል። ኩሬው ሳይሞላ ወለሉ ላይ ቆመው መትከል ከጭቃ ጋር ከመታገል ያድናል። ቦታው ከጥልቁ ጫፍ አጠገብ፣ ከፍጉ ማዕዘን ራቅ ያለ፣ ከግድቡ በአንድ ሳንቃ የሚደረስበት ይሁን።

አሰቃቀሉ እንዲህ ነው። የላይኛዎቹን ቀለበቶች ከችካሉ ጋር ይሰሩ፤ 80 ሴንቲ ሜትሩ ውኃ ውስጥ ይግባ፣ 40ው ከውኃው በላይ ይቅር። ቆሮሶ ይዘላል፤ ያ 40 ሴንቲ ሜትር ለዚያ ነው። ከሃፓው ወለል እስከ ኩሬው ወለል ሌላ 40 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይኑር፤ ጭቃ ላይ ያረፈ ሃፓ ውኃ አይተላለፍበትም፣ ዓሣው በራሱ ኩስ ላይ ይተኛል። የታችኛዎቹን ማዕዘኖች በሚንሸራተት ቋጠሮ ከችካሉ ጋር ይሰሩ ወይም ከውጭ በኩል በትንሽ ከረጢት ድንጋይ ያንጠልጥሉባቸው። ወለሉ እንዲዘረጋ እንጂ እንደ ከበሮ እንዲወጠር አይደለም፤ የተወጠረ መረብ በነፋስ ሲናጥ ከስፌቱ ይቀደዳል። ከላይ ከጫሞ አስጋሪዎች ያረጀ መረብ ገዝተው ይሸፍኑት። ዓሣ አጥማጅ ወፎች ሃፓ ካገኙ ሌላ ቦታ አይሄዱም።

ሃፓ የሚሞተው በመዘጋት ነው። ውኃው አረንጓዴ ስለሆነ በየቀኑ የመረቡ ዓይኖች ላይ ለምለም ነገር ይይዛል፤ በሳምንት ውስጥ ግድግዳው ሊደፈን ይችላል። በሳምንት አንዴ ከውጭ በኩል በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡት፤ ያኔውኑ ስፌቱንና ቀዳዳውን ይፈትሹ። ሁለት ሃፓ መሥራት የሚሻለውም ለዚህ ነው፦ አንዱን አውጥተው ፀሐይ ላይ ሲያደርቁት ዓሣው በሌላው ይቆያል።

ጫጩት ማግኘትና ማስገባት

ስለ ጫጩት መጀመሪያ የሚጠይቁት የወረዳዎን የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ባለሙያ ነው። በአገር ደረጃ በሰበታ ያለው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልና ባቱ ያለው ማዕከል ዓሣ እርባታ ላይ ይሠራሉ። እኔ ብመርጥ የጫሞን ቆሮሶ እመርጣለሁ። ኩሬ አንድ ቀን ይፈሳል፤ የፈሰሰውም መጨረሻው ወንዙ፣ ከዚያም ሐይቁ ነው። ከሌላ ውኃ የመጣ ዘር ወይም ዱባ የሚባለው ዓሣ ሐይቁ ውስጥ ቢገባ ማንም አይመልሰውም። ከሐይቁ ጫጩት ለመያዝም በራስዎ መረብ አይውጡ፤ የዓሣ ሀብት በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚተዳደር ስለሆነ በባለሙያው በኩል ይሂዱ።

1 ወይም 2 ግራም የሚመዝኑ 600 ጫጩቶች ይውሰዱና 300፣ 300 አድርገው በሁለቱ ሃፓዎች ያስገቧቸው። ከመጓዛቸው አንድ ቀን በፊት አይመገቡ፤ ሆዱ የሞላ ጫጩት ውኃውን ያቆሽሻል። ጉዞው በጠዋት ወይም በምሽት ይሁን። ሲደርሱ ፕላስቲኩን እንደታሰረ ውኃው ላይ 20 ደቂቃ ያህል ያንሳፍፉት፤ ከዚያ የኩሬውን ውኃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩበት ያለማምዷቸው፣ በራሳቸው ዋኝተው እንዲወጡም ያድርጉ። ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ጤነኛ ጫጩት ይገድላል።

መኖ

አረንጓዴው ውኃ ብዙውን ይመግባል፤ ሃፓ ውስጥ ተጨናንቀው ላሉ ጫጩቶች ግን አይበቃም። ስድስት እጅ ፉርሽካ፣ ሦስት እጅ የኑግ ፋጉሎ፣ አንድ እጅ ከዓሣ ትራፊ የተሠራ ዱቄት ይቀላቅሉ። ዓሣ የሚበለትበት ቦታ ራስና አጥንት ይጣላል፤ አምጥተው ቀቅለው አድርቀው ይፍጩት። ሀለኮ በየጓሮው ስላለ የደረቀ ቅጠሉን ዱቄት መጨመር ይቻላል፤ ግን ከመኖው አንድ አሥረኛ አይለፍ፤ ከዚያ ሲበዛ ዓሣው በደንብ አይፈጨውም። ለጫጩቶቹ ዱቄቱን በወንፊት ነፍተው፣ ለትልልቆቹ በጥቂት ውኃ ለውሰው እንደ ጠጠር አድርገው ይስጡ።

ልኩን በግምት አይተዉት። በወር ሁለት ጊዜ 20 ያህል ዓሣ በባልዲ ይመዝኑና አማካዩን ያግኙ። 300 ዓሦች አማካይ ክብደታቸው 50 ግራም ከሆነ በጠቅላላው 15 ኪሎ ናቸው፤ የዚያ 4 በመቶ 600 ግራም ነው፤ የቀኑ መኖ ያ ነው። ግማሹን ረፋድ 4 ሰዓት፣ ግማሹን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይስጡ። ዓሣው ሲያድግ ከ4 ወደ 3 በመቶ ይውረዱ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚንሳፈፍ ትራፊ ካዩ በማግስቱ ይቀንሱ።

ወንዱን ከሴቱ መለየት

ሁለት ወር ገደማ ሲሆን ጫጩቶቹ ከ20 እስከ 30 ግራም ይደርሳሉ። ከዚህ በላይ ካቆዩ መራባት ይጀምራሉ፤ ከዚህ በታች ከሆኑ ፆታቸው በደንብ አይታይም። የሥራው ሁሉ ቁም ነገር ያለው በዚህ አንድ ቀን ነው።

በጠዋት፣ ጥላ ሥር፣ እጅዎን አርሰው ይጀምሩ። ሃፓውን በአንድ ጎን እያነሡ ዓሦቹን ወደ አንድ ማዕዘን ይሰብስቧቸውና ጥቂት ጥቂት አድርገው ወደ ባልዲ ያውጡ። አንዱን በግራ እጅዎ በጀርባው አጋድመው ይያዙት። ከሆዱ ወደ ጅራቱ ሲሄዱ መጀመሪያ የፊንጢጣው ቀዳዳ፣ ቀጥሎ ትንሽ ጉብታ አለ። ወንዱ ጉብታው ጫፍ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው። ሴቷ ሁለት አላት፤ ጫፉ ላይ አንድ፣ መካከሉ ላይ ደግሞ አግድም እንደ ስንጥቅ ያለ። ካልታየዎት ጠብታ ሰማያዊ የቁስል ቀለም በጥጥ ቢያስነኩት ስንጥቁ ጎልቶ ይወጣል። ወንዱ ወደ ኩሬው፣ ሴቷ ወደ ሌላ ባልዲ። ያጠራጠረዎትን ሁሉ ሴት ነው ይበሉና ከሴቶቹ ጋር ያድርጉት፤ አንዲት ሴት ኩሬ ውስጥ ከምትገባ አሥር ወንድ ቢቀርብዎ ይሻላል።

ከ600ው ግማሽ ገደማ ወንድ ይሆናል። 300 ወንድ ለ150 ካሬ ሜትር በካሬ ሜትር 2 ማለት ነው፤ በፍግና በቀላል መኖ ለሚረባ ኩሬ ልኩ ይህ ነው። ወንዱ ከሴቷ ፈጥኖ ስለሚያድግ ጥቅሙ እጥፍ ነው። ከሴቶቹ 15 የሚሆኑ ጠንካሮቹን ከ5 ወንዶች ጋር በአንደኛው ሃፓ ያስቀሩ፤ ለሚቀጥለው ዙር ጫጩት የሚሰጡዎት እነርሱ ናቸው። የተቀሩትን ሴቶች በሌላው ሃፓ ለብቻቸው ጥቂት ያወፍሯቸውና ከቤተሰብ ጋር ይብሏቸው።

የሰው ዓይን ስለሚሳሳት ጥቂት ሴቶች ወንዶቹ መካከል መግባታቸው አይቀርም። ለእነርሱ ልጆች መድኃኒቱ አምባዛ ነው። ቆሮሶዎቹ 50 ግራም ካለፉ በኋላ ከእነርሱ የሚያንሱ 15 አምባዛዎች ይጨምሩ፤ አዲስ የሚፈለፈለውን እየለቀሙ ይበላሉ። አስቀድመው ካስገቧቸው ራሱን ቆሮሶውን ይበሉታል። አምባዛ በዝናብ ሌሊት በእርጥብ መሬት ላይ እየተሳበ ሊሄድ እንደሚችልም ይወቁ፤ ግድቡ ዝቅ ያለበት ቦታ ካለ ከፍ ያድርጉት።

ማለዳ ማየት

የኩሬው ጤና የሚታወቀው ጎሕ ሲቀድ ነው። ቀን አየር የሚሰጡት ጥቃቅን ዕፅዋት ሌሊት ራሳቸው አየሩን ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ለዓሣው ከባዱ ሰዓት ከፀሐይ መውጣት በፊት ያለው ነው። ዓሦቹ ውኃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ካዩ ያን ቀን መኖም ፍግም አይስጡ። አዲስ ውኃ ያስገቡ፤ ተራዎ ካልሆነ በባልዲ እየቀዱ ከከፍታ ይመልሱበት። ፀሐይ ወጥታ ቆይቶም ካላቆሙ ውኃው መለወጥ አለበት።

የግድቡን ዳር ሣር ሁልጊዜ ያጽዱ። ቆሮሶ የወባ ትንኝ እጭ ይበላል፤ ዳር ላይ ያለ ሣር ግን እጩን ከዓሣው ይደብቃል። የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣም የሚጠጋው እዚያው ሣር ላይ ነው። ኩሬው ውስጥ ልጆች አይዋኙበት፣ ሰው አይጸዳዳበት፤ ሲገቡ የጎማ ቦቲ ያድርጉ። ዙሪያውን ማጠር አርጃኖንም ሕፃንንም ይከለክላል። ጎረቤት በቆሎ ወይም ቲማቲም ሲረጭ መግቢያውን ይዝጉ፤ የመርጫው ዕቃ ቦይ ውስጥ አንዴ ቢታጠብ የወራት ሥራ በአንድ ቀን ሊንሳፈፍ ይችላል።

ማውጣትና እንደገና መጀመር

በየካቲትና በመጋቢት ወንዶቹ 200 ግራም ገደማ ይሆናሉ። ከ300ው ሩብ ያህሉ በወፍና በሌላም ምክንያት ጠፋ እንኳ ቢባል 45 ኪሎ የሚጠጋ ዓሣ ይቀራል። ሁሉንም በአንድ ቀን አያውጡ፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት በዚያ ሙቀት ጠዋት የወጣ ዓሣ እስከ ማታ አይቆይም። በገበያው ቀን የሚሸጠውን ያህል በመጎተቻ መረብ ትልልቆቹን ያውጡ፤ ለቤትም በዳጣ የሚበላ ጥቂት ያስቀሩ። በመጨረሻ ተራዎ በሚደርስበት ቀን የቆመውን ቱቦ ጥቂት በጥቂት ያጋድሙት። ድርቁ የጠናበት፣ ሙዙ የጠማው ጊዜ ስለሆነ አረንጓዴው ውኃ በሰዓቱ ይደርስለታል። የቀሩትን ዓሦች ከጥልቁ ጫፍ ይሰብስቡ፤ ወላጆቹን ውኃ በተሞላ በርሜል ወይም ጎረቤት ኩሬ ያቆዩ።

ወለሉ እስኪሰነጠቅ ድረስ ለሁለት ሳምንት ፀሐይ ይምታው፤ ያመለጡ ጫጩቶችና የእንቁራሪት ዘር በዚያ ያልቃሉ። የላዩን ጥቁር ጭቃ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል በአካፋ ገፍፈው በሙዙ ሥር ያልብሱት። ከዚያ የተሰነጠቀውን ግድብ ይድፈኑ፣ የበሰበሱትን ችካሎች ይቀይሩ፣ የታጠቡትን ሃፓዎች ይስቀሉ፣ ውኃውንም ይልቀቁ።